የጽንፈ ዓለምን ልጅነት ለማጥናት የትኛው ቴሌስኮፕ ይሻላል? የደቡብ ዋልታ፣ የአታካማ እና የኅዋ መሣሪያዎች ንጽጽር

የፊዚክስ ወይም የሥነ ፈለክ ተማሪ ሆናችሁ በጥንታዊው የማይክሮዌቭ ጨረር ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለመሥራት ካሰባችሁ፣ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ ስታመለክቱ የትኛውን የምርምር ቡድን ደጅ እንደምትጠኑ ግራ ከገባችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ቴሌስኮፖቹ ብዙ ናቸው። ስማቸው በምሕጻረ ቃል የተሞላ ነው፤ ስለ ራሳቸው የሚጽፉት ሲነበብ ደግሞ ሁሉም አንድ ነገር የሚያድኑ ይመስላል። አይደለም። ባለ 10 ሜትሩ ቴሌስኮፕ ብቻውን የሚቸገርበትን ነገር ባለ 26 ሳንቲ ሜትሩ ሲለካው ኖሯል፤ ከመሬት ላይ ለመለካት እጅግ የሚያስቸግረውን ደግሞ በ2013 ሥራውን የጨረሰ ሳተላይት መዝግቦ አስቀምጦታል። ስለዚህ በመስታወት ስፋት ወይም በዝና መምረጥ ዋጋ የለውም። የሚያዋጣው ጥያቄን ለይቶ ለዚያ ጥያቄ የተሠራውን መሣሪያ መፈለግ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚለካው ምንድን ነው?

ጽንፈ ዓለም 380,000 ዓመት ገደማ ሲሞላው ትኩሱ ፕላዝማ ቀዘቀዘ፤ ኤሌክትሮኖች ከኒውክለሶች ጋር ተጣምረው አቶም ሆኑ፤ ብርሃንም ሳይደናቀፍ መጓዝ ጀመረ። ያ ብርሃን ዛሬ ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.725 ኬልቪን ብቻ የሆነ የማይክሮዌቭ ጨረር ሆኖ ከየአቅጣጫው ይደርሰናል። ፔንዚያስ እና ዊልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ በቀንድ መሰል አንቴና ያገኙት ይህንን ነበር፤ በ1978ም የኖቤል ሽልማት አሰጥቷቸዋል።

ሙቀቱ ከቦታ ቦታ የሚለያየው ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህል ነው። ይህ ልዩነት በደንብ ተለክቷል፤ አዲስ ምስጢር የሚፈለገው አሁን በአብዛኛው ፖላራይዜሽን ውስጥ ነው፤ ማለትም የብርሃኑ ሞገድ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚርገበገብ በማየት። ይህ አቅጣጫ በሰማይ ላይ ሲሳል ሁለት ዓይነት ቅርጽ ይሠራል። ኢ-ሞድ የሚባለው በመስታወት ቢገለበጥም የማይለወጥ፣ በሞቃትና በቀዝቃዛ ነጥቦች ዙሪያ የሚደረደር ንድፍ ነው፤ ዳሲ የተባለው መሣሪያ በ2002 ከደቡብ ዋልታ መገኘቱን አበሰረ። ቢ-ሞድ ደግሞ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የመጠምዘዝ ባሕርይ ያለው ነው። የሙቀትና የጥግግት መለዋወጥ ብቻውን ቢ-ሞድ አይፈጥርም። በጽንፈ ዓለም የመጀመሪያ ቅጽበት የኅዋ መስፋፋት እጅግ ፈጣን ከነበረ፣ ማለትም ኢንፍሌሽን በእርግጥ ከተካሄደ፣ ያኔ የተፈጠሩ የስበት ሞገዶች ይህን ጠመዝማዛ ንድፍ ትተው ማለፍ ይችላሉ።

ችግሩ መጠኑ ነው። የሙቀቱ ልዩነት በመቶ ማይክሮኬልቪን የሚቆጠር ሲሆን ኢ-ሞድ ጥቂት ማይክሮኬልቪን ብቻ ነው፤ የሚታደነው ቢ-ሞድ ደግሞ ከአንድ ኬልቪን አሥር ሚሊዮንኛ በታች ነው። ጥንካሬው በ«አር» ፊደል ይወከላል። እስካሁን አልተገኘም። ያለን ጥብቁ ገደብ ባይሴፕና ኬክ የተባሉት የደቡብ ዋልታ መሣሪያዎች በ2021 ያወጡት ነው፦ አር ከ0.036 በታች።

ከመስታወት በፊት ማዕዘን

በሰማይ ላይ የምትፈልጉት ነገር ምን ያህል ስፋት አለው? ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ የቀረው ንጽጽር ሁሉ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ከስበት ሞገድ የሚመጣው ቢ-ሞድ በዋናነት ጎልቶ የሚወጣው በሁለት ዲግሪ ስፋት አካባቢ ነው። ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ስለምትሸፍን አራት ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚሞሉት ስፋት ማለት ነው። ይህን ለማየት ትልቅ መስታወት አያስፈልግም። የሁለት ሚሊ ሜትር ሞገድ በ26 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ሲገባ ግማሽ ዲግሪ ያህል ጥራት ይሰጣል፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ግማሽ ዲግሪ በቂ ነው። ባይሴፕ 2 የተሠራው በዚህ ስሌት ነበር። ትንሽ ቴሌስኮፕ ሌላም ጥቅም አለው፦ ሌንሶቹን ጨምሮ መላው የብርሃን መንገድ በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል፤ ከመሬት የሚያፈተልክ ሙቀት የሚከለክል ጋሻም በቀላሉ ይጠመጠምበታል። ባለ 10 ሜትር መስታወትን እንደዚያ መሸፈን የዋዛ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ በደቂቃ የሚለካ ስፋት ላይ ነው (አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው)። ጥንታዊው ብርሃን ወደ እኛ ሲመጣ በመንገዱ ላይ ያሉ የጋላክሲ ክምችቶች በስበታቸው ያጎብጡታል። መጎበጡ ከኢ-ሞድ ላይ ቆንጥሮ ቢ-ሞድ ያደርገዋል። ይህን ዓይነቱን ቢ-ሞድ የደቡብ ዋልታ ቴሌስኮፕ በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ አግኝቶታል። ለዚህ ሥራ ትልቅ መስታወት ግድ ነው፤ የደቡብ ዋልታው 10 ሜትር፣ የአታካማው ኮስሞሎጂ ቴሌስኮፕ 6 ሜትር ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ደቂቃ ከምናምን የሚሆን ጥራት አላቸው። የኒውትሪኖ ጠቅላላ ክብደት፣ የጨለማ ቁስ ሥርጭት፣ የሀብል ቁጥር (ጽንፈ ዓለም ዛሬ የሚሰፋበት ፍጥነት)፣ የጋላክሲ ዘለላዎች ቆጠራ፣ ሁሉም የሚሠሩት በእነዚህ ነው።

ሦስተኛው ከሁለቱም በተቃራኒ ጫፍ ያለ ነው፦ ከ20 ዲግሪ በላይ የሆኑ ግዙፍ ንድፎች። የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት ተቀጣጥለው የኅዋን ጋዝ ዳግመኛ ወደ ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ሲበታትኑት፣ ነፃ የወጡት ኤሌክትሮኖች በጥንታዊው ብርሃን ላይ አዲስ ፖላራይዜሽን ጨመሩበት። ያ አሻራ የሚታየው ከሰማዩ እጅግ ሰፊ ክፍል በአንድ ዓይን ሲታይ ነው፤ ከመሬት ደግሞ የከባቢ አየር መለዋወጥ ይህንን ያበላሻል። ስለዚህ ይህ የሳተላይት ግዛት ሆኖ ቆይቷል። ፕላንክ የተባለው ሳተላይት ቡድን በ2018 ባወጣው ውጤት፣ እነዚህ ኤሌክትሮኖች ጥንታዊውን ብርሃን የበተኑበት መጠን 0.054 ሆኗል።

እንግዲህ ሰው «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ራሱ ጥያቄ ነው፦ በየትኛው ማዕዘን?

ሦስቱ ፈጽሞ የተነጣጠሉ እንዳይመስላችሁ ግን። በስበት የተጎበጠው ቢ-ሞድ ለኢንፍሌሽን አዳኞች መጋረጃ ነው፤ ከስበት ሞገድ የሚመጣውን ይሸፍንባቸዋል። ትልቁ ቴሌስኮፕ መጎበጡን በዝርዝር ለክቶ ለትንሹ ሲሰጠው ትንሹ ያንን ቀንሶ የቀረውን ይመረምራል። ባይሴፕ እና የደቡብ ዋልታ ቴሌስኮፕ አንድን የሰማይ ክፍል የሚያዩት፣ ቡድኖቹም መረጃ የሚቀያየሩት በዚህ ምክንያት ነው። ወደ አንዱ ቡድን ለመግባት ስታመለክቱ የሌላኛውንም ሥራ አንብባችሁ ብትሄዱ ትጠቀማላችሁ።

አቧራው ያዋረዳቸው

መጋቢት 17 ቀን 2014 የባይሴፕ 2 ቡድን አር 0.2 አካባቢ ነው፣ ቢ-ሞድ አግኝተናል ብሎ አስታወቀ። ዓለም ጮቤ ረገጠ። ኢንፍሌሽንን ካቀነባበሩት አንዱ የሆኑት አንድሬ ሊንዴ ቤታቸው ድረስ ተሂዶ ሲነገራቸው የሚያሳየው ቪዲዮ በየሀገሩ ታየ።

መሣሪያው ስሕተት አልነበረበትም፤ የለካው ነገር በሰማይ ላይ አለ። ችግሩ ከየት እንደመጣ ነበር። በፍኖተ ሐሊብ ጋላክሲያችን ውስጥ ያሉ ሞላላ የአቧራ ቅንጣቶች በመግነጢሳዊ መስክ ተሰልፈው ፖላራይዝድ የሆነ ጨረር ይለቃሉ፤ ይህም ቢ-ሞድ ይፈጥራል። ባይሴፕ 2 ደግሞ 512 ዳሳሾች ቢኖሩትም ሁሉም በ150 ጊጋኸርዝ ላይ ነበሩ። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚያይ መሣሪያ አቧራን ከጥንታዊ ብርሃን የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ሁለቱ የሚለያዩት ፍሪኩዌንሲ ሲቀየር ነውና። አቧራው ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይደምቃል። ቡድኑ የአቧራውን መጠን ለመገመት ከተጠቀመባቸው ምንጮች አንዱ የፕላንክ ቡድን በአንድ ጉባኤ ላይ ያሳየው ስላይድ ምስል ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ፕላንክ በ353 ጊጋኸርዝ የለካውን ሲያወጣ አቧራው ከተገመተው በላይ ሆኖ ተገኘ፤ በ2015 መጀመሪያ ሁለቱ ቡድኖች መረጃቸውን አጣምረው አር ከ0.12 በታች መሆኑን ብቻ መናገር እንደሚቻል አሳወቁ።

ከዚህ ታሪክ በኋላ ማንኛውንም መሣሪያ ስመዝን መጀመሪያ የማየው የዳሳሾችን ቁጥር ሳይሆን የፍሪኩዌንሲዎችን ዝርዝር ነው። የዜና ርዕሶች የሚወዱት የዳሳሽ ቁጥር መሆኑ አያታልላችሁ። ዝርዝሩ ታች አንድ ሁለት ፍሪኩዌንሲ፣ መካከል ላይ 90 እና 150፣ ላይ ደግሞ 220 እና ከዚያ በላይ ካለው በቁም ነገር ይታያል። ታችኛው የሚያስፈልገው በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የሚሽከረከሩ ኤሌክትሮኖች ለሚለቁት ሲንክሮትሮን ጨረር ነው፤ እርሱም ፖላራይዝድ ነው።

ባይሴፕ ራሱ ትምህርቱን በሚገባ ቀስሟል። ተከታዩ የባይሴፕ አሬይ መሣሪያ ከ30 እስከ 270 ጊጋኸርዝ ባሉ ፍሪኩዌንሲዎች እንዲያይ በአራት መቀበያዎች የታቀደ ነው። ባይሴፕ 3 ደግሞ 52 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቀዳዳ፣ በ95 ጊጋኸርዝ ብቻ 2,400 ያህል ዳሳሽ ይዟል።

ፍሪኩዌንሲዎቹ በየቦታው ተመሳሳይ መሆናቸውም ድንገት የሆነ አይደለም። ኦክስጅን በ60 እና በ119 ጊጋኸርዝ፣ የውኃ ትነት በ22 እና በ183 ጊጋኸርዝ ጨረሩን ይውጡታል። በመካከላቸው የሚቀሩት ክፍት መስኮቶች 30 እና 40፣ 90፣ 150፣ 220 እና 280 አካባቢ ናቸው። ከ300 በላይ ከመሬት ሆኖ መሥራት አስቸጋሪ ስለሆነ አቧራውን በደንብ ለማወቅ ዞሮ ዞሮ ወደ ፕላንክ መመለስ ይገባል።

ደቡብ ዋልታ ወይስ አታካማ?

ለማይክሮዌቭ ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ስለዚህ ከፍታና ድርቀት ያለበት ቦታ ይፈለጋል። ሁለት ቦታዎች ዓለምን ተከፋፍለዋታል።

ደቡብ ዋልታ በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተከመረ በረዶ ነው። በክረምት አየሩ ውስጥ ያለው ውኃ በሙሉ ቢጠራቀም ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ፀሐይ ስድስት ወር ስለማትወጣ አየሩ በቀንና በሌሊት መፈራረቅ አይናወጥም። የሚታየው የሰማይ ክፍል አይወጣም አይጠልቅም፤ በአንድ ከፍታ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። ለዚህ ሥራ የተመረጠው ክፍልም አቧራው አነስተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። አንድን ትንሽ ቦታ አጥልቆ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም። ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ ከየካቲት እስከ ጥቅምት አካባቢ አውሮፕላን አይገባም፤ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ውስጥ ጥቂት አስር ሰዎች ብቻ ጣቢያው ላይ ይቀራሉ፤ ቴሌስኮፖቹን የሚጠብቁትም ከእነርሱ መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። ለሥራ ከጣቢያው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ወዳለው የሬዲዮ ጸጥታ ወደሚጠበቅበት ክፍል በጨለማ ውስጥ በእግር ይሄዳሉ። በክረምት አንድ ዕቃ ቢሰበር መለዋወጫው የሚመጣው በጸደይ ነው።

ሌላው ገደብ የሰማዩ ስፋት ነው። ከዋልታው ላይ ሆኖ ሰሜናዊው ሰማይ ጨርሶ አይታይም። የደቡብ ዋልታ ቴሌስኮፕ በ16,000 ገደማ ዳሳሾቹ ዋና ሥራውን የሠራው በ1,500 ካሬ ዲግሪ ላይ ነው፤ ከመላው ሰማይ አራት በመቶ እንኳ አይሞላም።

አታካማ በሰሜን ቺሊ ያለ በረሃ ሲሆን ቴሌስኮፖቹ በሴሮ ቶኮ ተራራ ላይ 5,200 ሜትር አካባቢ ተቀምጠዋል፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ኦክስጅኑ በባሕር ጠለል ካለው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሠራተኞች ግን እዚያ አያድሩም፤ 2,400 ሜትር ላይ ባለችው ሳን ፔድሮ ዴ አታካማ ከተማ ያድሩና በመኪና ይወጣሉ። መለዋወጫ በማንኛውም ወር ይደርሳል። ከሰማዩም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይታያል። በአንጻሩ የውኃ ትነቱ ከዋልታው ይበዛል፤ ከጥር እስከ መጋቢት ድረስ ደግሞ ከምሥራቅ በሚመጣ እርጥበት ምክንያት ጥሩ መረጃ የሚገኝበት ቀን ያንሳል።

የአታካማው ኮስሞሎጂ ቴሌስኮፕ ከ2007 እስከ 2022 እዚህ ሠርቶ የመጨረሻውን ትልቅ ካርታ በመጋቢት 2025 አወጣ። የደቡብ ዋልታው ተፎካካሪም በዚያው ዓመት ውጤቱን አስከትሏል። ሁለቱም የሀብልን ቁጥር ከ70 በታች አድርገው ከፕላንክ ጋር ይስማማሉ፤ በቅርብ ከዋክብትና ሱፐርኖቫዎች ከሚገኘው 73 ጋር ያለው ጭቅጭቅ እንዳለ ነው። ፖላራይዜሽን ላይ ተመሥርቶ ራሱን የቻለ ማረጋገጫ መገኘቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ «ፕላንክ ተሳስቶ ይሆናል» የሚለውን በር ዘግቶታልና።

አሁን ሴሮ ቶኮ ላይ ዋናው ሥራ የሳይመንስ ኦብዘርቫቶሪ ነው። ብልኅነቱ ሁለቱን ማዕዘኖች በአንድ ግቢ ማሰባሰቡ ነው፦ ለደቂቃዎቹ አንድ ባለ 6 ሜትር ቴሌስኮፕ፣ ለዲግሪዎቹ ደግሞ 42 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ትንንሾች፤ በጠቅላላ ከ60,000 በላይ ዳሳሾች ከ27 እስከ 280 ጊጋኸርዝ በስድስት ፍሪኩዌንሲ። በሦስት ትንንሾች ተጀምሮ ከብሪታንያና ከጃፓን ተጨማሪዎች እንዲታከሉበት ታቅዷል።

የትንንሾቹን ውስጥ ትንሽ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። በቀዳዳው አካባቢ ግማሽ ሜትር የሚያህሉ የሰንፔር ሳህኖች ተደርበው በማቀዝቀዣው ውስጥ በሱፐርኮንዳክተር ማግኔት ተንሳፍፈው ይቆማሉ፤ ምንም ሳይነካቸው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ይሽከረከራሉ። ሳህኖቹ ሲዞሩ የሚገባው ፖላራይዜሽን አቅጣጫ አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ ከሰማይ የመጣው ፖላራይዜሽን በሰከንድ ስምንት ጊዜ የሚመላለስ ምልክት ሆኖ ይወጣል። የከባቢ አየሩ ሙቀት ግን ፖላራይዝድ ስላልሆነ እና ቀስ ብሎ ስለሚለዋወጥ ከዚህ ምልክት ይለያል። ዳሳሾቹ ራሳቸው በ0.1 ኬልቪን ላይ፣ ከሱፐርኮንዳክተርነት ወደ መደበኛ ሁኔታ በሚሸጋገሩበት ጠርዝ ላይ ተይዘው ይጠበቃሉ፤ ትንሽ ሙቀት ሲነካቸው የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው ዘሎ ይለወጣል። ባይሴፕ ይህን ሳህን አይጠቀምም። ጥንድ ዳሳሾችን በማቀናነስና ቴሌስኮፑን በሙሉ በራሱ ዘንግ ላይ በማዞር ይሠራል። ለጸጥተኛው የዋልታ አየር ይህ ይበቃል፤ ለአታካማ ግን የሚሽከረከረው ሳህን ቅንጦት አይደለም።

ከዚያው ተራራ ክላስ የሚባለውን አትርሱ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ይህ መሣሪያ ከመሬት አይቻልም የተባለውን የግዙፍ ማዕዘን ልኬት ነው የሞከረው፤ ከሽቦ መረብ ጀርባ የሚንቀሳቀስ መስታወት አድርጎ ከሰማዩ ሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነውን ያያል። በ2025 የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት የተዉትን አሻራ ከመሬት ሆኖ በመለካት የመጀመሪያው ሆነ። የስሕተት ወሰኑ ከፕላንክ ይሰፋል፤ ቢሆንም እንደሚቻል አሳይቷል።

ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ እስከ ቅርብ ጊዜ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። በቴነሪፍ ደሴት ላይ ያለው ኪሆቴ ከ10 እስከ 40 ጊጋኸርዝ ሲንክሮትሮንን ይለካል። ቻይና በቲቤት ንጋሪ ግዛት 5,250 ሜትር ላይ የተከለችው አሊ-ሲፒቲ ደግሞ በ2025 ማየት ጀምሯል። በነገራችን ላይ የእኛው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖቹ የሚታየውን ብርሃን የሚያዩ ናቸው፤ በእነርሱ ይህን ጨረር ማየት አይቻልም። አንዳንድ ተማሪ ይህን ሳያውቅ የምርምር ሐሳብ ስለሚጽፍ ነው የማነሣው።

ወደ ላይ መውጣት

ፊኛ መካከለኛ መንገድ ነው። ስፓይደር የተባለው ስድስት ቴሌስኮፖችን የያዘ መሣሪያ በጥር 2015 በአንታርክቲካ ላይ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ሁለት ሳምንት ቆይቷል፤ በኋላም 280 ጊጋኸርዝ ጨምሮ ደግሞ በረረ። ከመሬት የሚያስቸግር ፍሪኩዌንሲ ይገኝበታል፤ ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሁለት ሳምንት ነው። ለመሣሪያ ሠሪ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ቤት ስለሆነ በእጃቸው መሥራት ለሚወዱ እመክረዋለሁ፤ ለመረጃ ፈላጊ ግን አይደለም።

ዋናዎቹ ሳተላይቶች ሦስት ናቸው፤ ኮቢ በ1989፣ ደብሊውማፕ በ2001፣ ፕላንክ በ2009 ተነሡ። የመጀመሪያውን ለታሪክ ተዉት። ፕላንክ ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ከ30 እስከ 857 ጊጋኸርዝ በዘጠኝ ፍሪኩዌንሲ መላውን ሰማይ አይቷል፤ ከእነዚህ ሰባቱ ፖላራይዜሽንን ይለኩ ነበር። 353 ጊጋኸርዙ እስከ ዛሬ የአቧራ ፖላራይዜሽን መለኪያ ሆኖ ሁሉም የሚደገፍበት ነው። ድክመቱ ግልጽ ነው፦ የተነደፈው በዋናነት ለሙቀት ነበር፤ በፖላራይዜሽን ጥልቀት ባይሴፕ በትንሿ ቦታው ላይ ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል።

ተተኪው የጃፓን የኅዋ ድርጅት በ2019 የመረጠው ላይትበርድ ነው፤ ከ34 እስከ 448 ጊጋኸርዝ በ15 ፍሪኩዌንሲ ለሦስት ዓመት እንዲያይ የታሰበ። በወረቀት ላይ ከሁሉም ይበልጣል። ግን ከ2030ዎቹ በፊት አይነሣም፤ የኅዋ ፕሮጀክት ቀጠሮ ደግሞ ይገፋል እንጂ አይቀርብም።

በእጃችሁ ያለው ኮምፒውተርና ኢንተርኔት

አገር ቤት ሆናችሁ ለሁለተኛ ዲግሪ የምትሠሩ ከሆነ ምርጫችሁ ቴሌስኮፕ ሳይሆን ፋይል ነው። ደግነቱ የናሳ ላምዳ ቋት እና የአውሮፓ ኅዋ ድርጅት የፕላንክ ቋት ካርታዎቹን ለማንም በነፃ ይሰጣሉ።

በደብሊውማፕ ጀምሩ። ካርታው በሦስት ሚሊዮን ነጥቦች የተከፈለ ስለሆነ አንዱ ዓምድ 12 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በስልክ ኢንተርኔትም ቢሆን ይወርዳል፤ ሂልፓይ በተባለው የፓይተን መሣሪያ በተራ ላፕቶፕ ይከፈታል። ፕላንክ 50 ሚሊዮን ነጥብ ስላለው እያንዳንዱ ዓምድ 200 ሜጋባይት ይሆናል። የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ሲያርፍ፣ ሌሊት ላይ አውርዱት። የአታካማው ቴሌስኮፕ ካርታ ግን ነጥቦቹ ግማሽ ደቂቃ ስለሆኑ አንዱ ብቻ በጊጋባይት ይቆጠራል፤ ትውስታው ትንሽ በሆነ ኮምፒውተር ሙሉውን ለመክፈት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ቆርጦ መክፈት ያስፈልጋል። በተቃራኒው ባይሴፕ ለአር ገደቡ የሚያወጣው የመጨረሻ መረጃ በአብዛኛው የቁጥር ሠንጠረዥ ስለሆነ እጅግ ቀላል ነው። የኢንፍሌሽን ቀመር የምትወዱ፣ ካርታ ማየት የማያጓጓችሁ ከሆናችሁ ከዚህ የተሻለ የለም።

የድሮ መረጃ ነው ብላችሁ አትናቁት። በ2020 ሚናሚ እና ኮማትሱ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአቧራው ፖላራይዜሽን ተጠቅመው የዳሳሾቹን የአቅጣጫ ስሕተት የሚለዩበት ዘዴ ይዘው ወደ ፕላንክ መረጃ ተመለሱ፤ ጥንታዊው ብርሃን በጉዞው ላይ 0.35 ዲግሪ ያህል ሳይዞር እንዳልቀረ የሚጠቁም ነገር አገኙ። ገና ማረጋገጫ የሚባል ደረጃ ላይ አልደረሰም፤ እውነት ከሆነ ግን ከታወቀው ፊዚክስ ውጭ የሆነ ነገር ነው። ሳተላይቱ ሥራ ካቆመ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር።

ለሦስተኛ ዲግሪ የምታመለክቱ ደግሞ የጊዜ ሰሌዳ ተመልከቱ። ሲኤምቢ-ኤስ4 የተባለው ሁለቱንም ቦታ ያጣምራል የተባለ ታላቅ የአሜሪካ ዕቅድ ለዓመታት ብዙዎችን አስጎምጅቶ፣ በ2025 የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴርና ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፋቸውን እንደሚያቆሙ ተነገረ። በሱ ላይ ብቻ ዕቅዱን የመሠረተ ተማሪ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በአምስት ዓመት ውስጥ የምትመረቁ ከሆነ አሁን መረጃ እየሰበሰበ ያለ መሣሪያ ምረጡ። ሳይመንስ ለዚህ ቀዳሚ ምርጫዬ ነው፤ መረጃው ትኩስ ነው፣ ሁለቱም የማዕዘን መጠኖች አሉት፣ ቡድኑም ሰፊ ነው። መሣሪያ መፍታትና መግጠም የምትወዱ፣ ብርዱንም የማትፈሩ ከሆነ ግን ባይሴፕ ይሻላል፤ ቡድኑ ከትላልቆቹ አንጻር አነስ ያለ ስለሆነ አንድ ተማሪ ከዳሳሹ እስከ መጨረሻው ግራፍ ድረስ እጁን ማስገባት ይችላል። ላይትበርድን የምትመርጡ ደግሞ የምትሠሩት ሲሙሌሽንና የመሣሪያ ሙከራ እንደሚሆን አውቃችሁ ግቡ፤ እውነተኛው የሰማይ መረጃ የሚደርሰው እናንተ ለምታስተምሯቸው ተማሪዎች ሊሆን ይችላል።